ለወንድሜ ለደረሳችሁለት ሁሉ

የደሴ ሰዎች፣ በተለይ የሰፈራችን ሰዎች፣ ይህን ምስጋና ሳልጽፍ አራት ወር ቆየሁ። ወንድሜ በእግሩ ቆሞ እስካየው ስጠብቅ ነው።

ልጁን ታውቁታላችሁ። የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ሩጫና ኳስ ሲል እሱ የምርኩዝ ዝላይ፣ በረጅም ዘንግ ተደግፎ ከፍታ የማለፍ፣ ፍቅር ያዘው። ነገሩ የጀመረው ከአንድ ቪዲዮ ነው። እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር በ2018 ፊንላንድ ታምፔሬ ላይ በተደረገው ከ20 ዓመት በታች የዓለም ሻምፒዮና፣ የ18 ዓመቱ ስዊድናዊ አርማንድ ዱፕላንቲስ 5.82 ሜትር ዘሎ የሻምፒዮናውን ክብረ ወሰን ያዘ። በቀጣዩ ወር በርሊን ላይ ከአዋቂዎቹ ጋር ገብቶ 6.05 አለፈ። ወንድሜ ያንን የታምፔሬ ዝላይ በስልኬ እየመላለሰ ያየዋል። ዱፕላንቲስ እቤቱ ጓሮ በተሠራ መዝለያ እንዳደገ ስነግረው «እኛስ ጓሮ አለን አይደል?» አለኝ።

ቀርከሃውን ቆርጬ የሰጠሁት እኔ ነኝ። ድሮ በቀርከሃ ይዘለል እንደነበር አውቃለሁ። አሜሪካዊው ኮርኔሊየስ ዋርመርዳም በአውሮፓውያኑ 1940 ላይ 4.57 ሜትር ያለፈው በቀርከሃ ነው። ይህን ይዤ ልቤ ሞላ። የዛሬዎቹ የሚዘሉበት የፋይበርግላስ (የመስታወት ክር) ዘንግ በዘላዩ ክብደት ልክ እየተመረጠ እንደሚሠራ ግን አላሰብኩም። የኛው ቀርከሃ ደርቆ ነበር። ከታች ያነጠፍነውም የጤፍ ጭድ የሞላንባቸውን ጆንያዎች ነው።

ያን ቅዳሜ ገመዱን 3 ሜትር ላይ አሰርን። ሁለቴ ነካው። በሦስተኛው ሮጦ መጣ፣ ተከለ፣ ተነሳ። ከዚያ ጧ! የሚል ድምፅ ሰማሁ። ቀርከሃው ለሁለት ተሰነጠቀ፤ ወንድሜም ከጆንያዎቹ ውጭ ድንጋይ ላይ ወረደ። የግራ ቅልጥሙ ተሰብሮ አጥንቱ ቆዳውን ቀዶ ወጥቶ ነበር።

አባባ ወጌሻው፣ ከሁሉ በፊት እርስዎን ላመስግን። ሰው ሁሉ «ወጌሻ ጥሩ» ሲል ሮጠው መጡ። እኔም እጅዎን ስጠብቅ ነበር። እርስዎ ግን ጎንበስ ብለው አዩትና «ልጄ፣ ይሄ የኔ ሥራ አይደለም። አጥንቱ አየር አይቷል። አሁኑኑ ሐኪም ቤት» አሉ። ነጠላዎን አውልቀው ቁስሉን ሸፈኑት። እግሩን በሁለት ቀጥ ያለ እንጨት መሀል አድርገው፣ ሳይጎትቱ፣ ሳያሹ አሰሩት። ቀዶ ሕክምና ያደረገለት ሐኪም በኋላ የነገረኝን ልንገርዎ፦ «እንዲህ አስሮ የላከው ሰው እግሩን አተረፈለት» ነው ያለኝ። ስንት ዓመት ሙሉ ሰው ያሸ እጅ፣ ያን ቀን አለመንካቱን እስከ ዕድሜ ልኬ አልረሳውም።

የቅሬያችን፣ የእድራችን፣ ሰዎች፣ ቃሬዛውን ይዛችሁ ያን ዳገት በሩጫ ወረዳችሁ። ባጃጅ ነጂው፣ ወንበርህ በደም ተበላሽቶ ሳንቲም አልቀበልም አልክ። ማታውኑ ደም የሰጣችሁ ሁለቱ ጓደኞቹ፣ ተራ ገብታችሁ ያስታመማችሁ፣ ገንዘብ ያዋጣችሁ፣ ዱዓ ያደረጋችሁ፣ የጸለያችሁ፣ ሁላችሁንም ፈጣሪ ብድራችሁን ይክፈል። እትዬ፣ ሐኪም ቤት ድረስ ያመጡት አጥሚት ከሁሉም በፊት የቀመሰው ምግብ ነው።

አንድ ሰው እንኳ «እኔ አላልኩም ነበር?» አላለንም። እናታችን ይህን እያነሳች ታለቅሳለች።

ብረት የገባለት እግር አሁን መሬት ይረግጣል። የቅሬያችን ዳኛ፣ የራስዎን ምርኩዝ አውጥተው «እስኪጠነክር ይደገፍበት» ብለው ሰጥተውት ነበር። ትናንት ከአልጋው እስከ በሩ ያለ ምርኩዝ ሄደ። የሚቀጥለው ሳምንት፣ ፈጣሪ ከፈቀደ፣ ቤትዎ ድረስ መጥቶ ራሱ ይመልስልዎታል።