አምስት ጥያቄ በአንድ ትንፋሽ

ለተከበሩ አዘጋጅ፤

ሚኒስትሮች ምክር ቤት ቀርበው ሲጠየቁ የዜና ዘገባ በአብዛኛው የሚያተኩረው በተናገሩት ላይ ነው። ምን ተጠይቀው እንደነበርና የትኛው ጥያቄ ሳይመለስ እንደቀረ ከዘገባው አይገኝም። ለአንባቢ የሚጠቅመው ግን ይኸኛው ነው።

ችግሩ የሚጀምረው ከጥያቄው አቀራረብ ነው። አንድ ተወካይ ተነሥቶ ስለ መንገድ፣ ስለ ኑሮ ውድነት፣ ስለ መድኃኒት፣ ስለ ሥራ አጥነትና ስለ ትምህርት ጥራት በአንድ ትንፋሽ ይጠይቃል። ሌሎችም በተራቸው ይከተላሉ፤ ባለሥልጣኑ ሁሉንም በማስታወሻው ይዞ በጅምላ ይመልሳል። በዚህ አሠራር ከባዱን ጥያቄ መዝለል ቀላል ነው። «የእኔ አልተመለሰም» የሚለው ተወካይም ዳግም መናገሪያ ዕድል አያገኝም።

ጥሩ ጥያቄ አንድ ጉዳይ፣ አንድ ተጠያቂ መሥሪያ ቤትና የተወሰነ ጊዜ ይይዛል። «የመድኃኒት እጥረቱን ለመፍታት ምን እየተሠራ ነው?» ላለ ሰው «ሰፊ ጥረት እየተደረገ ነው» ብሎ መመለስ ይቻላል። «ባለፈው በጀት ዓመት ለመድኃኒት ግዥ ከጸደቀው ገንዘብ ስንቱ ሥራ ላይ ዋለ?» ሲባል ግን መልሱ ቁጥር ነው፤ ቁጥር ካልተሰጠ መሸሹ ለማንም ይታያል። ጠያቂው የጸደቀውን በጀትና የኦዲት ሪፖርቱን አስቀድሞ አንብቦ መምጣት አለበት፤ አለዚያ የተሳሳተ ቁጥር ቢነገረውም አመስግኖ ይቀመጣል።

ከሁሉ በላይ የሚፈትነው ተከታዩ ጥያቄ ነው። የመጀመሪያው መልስ ባለሙያዎች ያዘጋጁት ጽሑፍ ሊሆን ይችላል፤ ሚኒስትሩ ጉዳዩን ማወቅ አለማወቁ የሚለየው በሁለተኛው ላይ ነው። በብሪታንያ ዋናው የተቃዋሚ ፓርቲ መሪ በየረቡዑ የጥያቄ ጊዜ ጠቅላይ ሚኒስትሩን እስከ ስድስት ጊዜ መጠየቅ ይችላል። ግማሽ ሰዓቱ ብዙ ጊዜ በጩኸት ቢዋጥም በአንድ ጉዳይ ላይ ስድስቱንም ሲያውል መሸሽ ከባድ ይሆናል። በሕንድ የታችኛው ምክር ቤት ደግሞ በኮከብ የተለየ ጥያቄ በቃል ይመለሳል፣ ተከታይ ጥያቄም ይፈቀድበታል፤ ኮከብ የሌለው በጽሑፍ ብቻ ይመለሳል።

የጽሑፍ ጥያቄ ካሜራ ስለማይስብ ይናቃል፤ በየአካባቢውና በየዓመቱ የተዘረዘረ መረጃ የሚገኘው ግን በእሱ ነው። በጀርመን ምክር ቤት «አነስተኛ ጥያቄ» የሚባለው በመርሕ ደረጃ በ14 ቀን ውስጥ በጽሑፍ መመለስ አለበት። የጊዜ ገደብ በሌለበት «መረጃው እየተሰባሰበ ነው» የሚለው መልስ ዓመት ሊያስቆጥር ይችላል። ከመጠን በላይ የሰፋ ጥያቄም ለመንግሥት ማምለጫ ይሰጠዋል፤ «ለማሰባሰብ ወጪው ብዙ ነው» ተብሎ ይዘጋል።

መልሱ ሳያረካ ሲቀር ጠንከር ያለ መሣሪያ ያስፈልጋል። በፊንላንድ ሃያ ተወካዮች ከፈረሙ መንግሥት በ15 ቀን ውስጥ በምልዓተ ጉባኤው ፊት መልስ ይሰጣል፤ ጉዳዩ እስከ መተማመኛ ድምፅ ሊደርስም ይችላል።

«እናየዋለን»፣ «በቅርቡ ይጠናቀቃል» የሚሉ ቃል ኪዳኖች ስብሰባው ሲበተን አብረው ይጠፋሉ። ሕንዶች ለዚህ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ከ1953 ጀምሮ ራሱን የቻለ ኮሚቴ አላቸው። ሚኒስትሮች በምክር ቤቱ የገቡትን ቃል ከመዝገብ እየለቀመ በሦስት ወር ውስጥ መፈጸሙን ይከታተላል። ብዙ ምክር ቤቶች ለጥያቄ ጊዜ ሲሰጡ ለክትትሉ ባለቤት አለማበጀታቸው ያሳዝነኛል።

ከዝግጅት ክፍላችሁ የምጠይቀው ይህ ነው፦ ጥያቄውን በተጠየቀበት ቃል ከመልሱ ጎን አትሙት፤ ያልተመለሰውን «አልተመለሰም» በሉት፤ ቀን የተቆረጠለት ቃል ካለም ቀኑ ሲደርስ ሚኒስቴሩን ደውላችሁ ጠይቁ።

ከአክብሮት ጋር
የዘወትር አንባቢያችሁ