አሮጌ መደቦቻችሁን ክረምቱ ሳይገባ እዩአቸው

ሰላም ለሁላችሁም የአዳማ ጓሮ አትክልት ወዳጆች፣

ክረምቱ ደጅ ላይ ነው። የብዙዎቻችሁ ከፍ ያሉ መደቦች ግን ባዶአቸውን ተቀምጠዋል፣ አፈራቸውም ወርዷል። አትደንግጡ፤ ውስጡ ያለው ብስባሽ እያለቀ ሲሄድ አፈር ይሰምጣል። ገልብጣችሁ አትድፉት። ላይ ላዩን ቆፈር ቆፈር አድርጉና አራት ጣት ያህል በደንብ የበሰለ ኮምፖስት ጨምሩበት። ትኩስ እበት ይቅርባችሁ፣ ችግኝ ያቃጥላል።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ሥራ አለ። አምና ቲማቲም ከነበረበት መደብ የቀረውን ግንድ ነቅላችሁ ሥሩን በውኃ እጠቡት። እንደ ዶቃ የተቋጠሩ እብጠቶች ካሉበት ኔማቶድ ገብቷል ማለት ነው። ኔማቶድ በዓይን የማይታይ የአፈር ትል ነው። እዚያ ቲማቲምም ቃሪያም ድንችም አትመልሱ። ሥሩ ንጹሕ ቢሆንም ሦስቱ ዘመዳሞች ስለሆኑ ቦታ መቀየሩ አይከፋም፤ ንጹሕ በሆነው መደብ በነሱ ፋንታ ፎሶሊያ ዝሩ።

መደቡ የታጠረበትን ጣውላ ነገር ደግሞ አደራ። ምስጥ እንዳይበላው ተብሎ የተቃጠለ ዘይት የተቀባ ከሆነ የሚበላ ነገር አትትከሉበት። እኔ ብሆን ጣውላውንም አጠገቡ ያለውንም አፈር አውጥቼ በብሎኬት እተካዋለሁ። ካልሆነም አበባ ይብቀልበት።

ለጀማሪ ጎመንና ቆስጣ ይበቃል። ከውጭ ከውጭ ስትቀነጥቡት መሐሉ ማደጉን ይቀጥላል። ዝናቡ ሲቆራረጥ የአዳማ ፀሐይ አፈሩን በአንድ ቀን ያደርቀዋል፣ ስለዚህ ጭድ አልብሱት።

ትርፍ የጎመን ችግኝ ያላችሁ እዚሁ ጻፉ፣ እንቀያየር።