የሕፃናት ቲቢ ምርመራ አክታ ብቻ አይጠብቅ

ይድረስ ለአዘጋጁ፦

ስለ ቲቢ ምርመራ ያወጣችሁት ጽሑፍ የሚያነሣው አክታን ብቻ ነው። ሕፃናትና የደከሙ ሕሙማን አክታ መትፋት አይችሉም፤ ለእነዚህ ሰገራና ሽንት አሉ።

ሕፃን አክታውን ይውጠዋል፤ የባክቴሪያው ዘረመል ሰገራው ውስጥ ይገኛል። ስለዚህ ልጁን ሌሊቱን አስጹሞ በአፍንጫ ቱቦ ከጨጓራው ፈሳሽ መቅዳት ሁልጊዜ ግድ አይደለም። እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ የዳበረው ቀላል ዘዴ 0.8 ግራም ሰገራ፣ 8 ሚሊ ሊትር የጂን ኤክስፐርት (የባክቴሪያውን ዘረመል የሚፈልገው ማሽን) ማዘጋጃ ፈሳሽ በያዘው ጠርሙስ ውስጥ ይጨምራል። 30 ሴኮንድ በኃይል ተንጦ 10 ደቂቃ ይቀመጣል፤ ይኸው አንድ ጊዜ ይደገማል። ከዚያ ከላይ ከጠራው 2 ሚሊ ሊትር ማሽኑ ውስጥ ወደሚገባው የምርመራ ዕቃ፣ ወደ ካርትሪጁ፣ ይገባል። ናሙናን በፍጥነት የሚያሽከረክር መሣሪያ (ሴንትሪፊዩጅ) አያሻውም። የሚያበላሸው በአብዛኛው የሰገራው መብዛት ነው፤ ፍርፋሪው የካርትሪጁን ቀጭን መተላለፊያ ይዘጋል፣ ማሽኑ ስህተት ያወጣል፣ ውዱ ካርትሪጅ ይባክናል።

የኤች አይ ቪ ቫይረስ በደማቸው ላለ በጠና ለታመሙ ሰዎች ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ የሚመክረው የ“ላም” (LAM) የሽንት ምርመራ አለ። ከባክቴሪያው ግድግዳ የሚወጣውን ንጥረ ነገር ከ60 ማይክሮ ሊትር ሽንት በ25 ደቂቃ ያሳያል። በመመርመሪያው ላይ የሚወጣ የደበዘዘ መስመር ከማነጻጸሪያ ካርዱ ጋር ሳይስተያይ መነበብ የለበትም። ይህ የሽንት ምርመራ መድኃኒት የተላመደ ቲቢን አይለይም። በሰገራውም ሆነ በሽንቱ ምርመራ ኔጌቲቭ ውጤት ቲቢን አያስቀርም፤ ሐኪሙ ምልክቱን አይቶ ሕክምና መጀመር ይችላል።

ጤና ጣቢያዎች በመጀመሪያው ቀን ለወላጅ ንጹሕና ክዳን ያለው ዕቃ ይስጡ፤ በየላቦራቶሪውም የ0.8 ግራም ሰገራ ትክክለኛ መጠን ፎቶ ከማሽኑ አጠገብ ይለጠፍ።

ከአንድ የላቦራቶሪ ባለሙያ