ለአረጋውያኑ ጨዋታም ይዘን እንሂድ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ጎንደር ላይ በዓል ሲደርስ የአረጋውያን መጦሪያ የሚጎበኝ ሰው አይጠፋም። ዳቦ ይቆረሳል፣ በግ ይታረዳል፣ ጋቢና ሳሙና ይታደላል። ደግ ነው፣ አይቅር። ግን ፊታችንን አጨፍግገን ገብተን፣ «አይዞዎት» ብለን፣ ፎቶ ተነስተን እንወጣለን። ቀኑን ሙሉ ሲታዘንለት የሚውል ሰው ይሰለቻል። የጎደለው ጨዋታ ነው።

አንድ ጊዜ ስንሄድ አንዲት እናት ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተኝተው ነበር። ቢያናግሯቸውም አይመልሱም። አንዷ ተንከባካቢ አጠገባቸው ላሉት የአለቃ ገብረ ሐናን ቀልድ ታወራለች። አለቃ አህያ የምትነዳ ሴት መንገድ ላይ አግኝተው «እንደምን ዋልሽ፣ የአህዮች እናት?» አሏት የሚባለውን። ልጅቷ ሳትጨርስ ከግድግዳው በኩል «ደህና ነኝ፣ ልጄ!» የሚል ድምፅ መጣ። ቤቱ በሳቅ አውካካ። እሳቸውም ተነስተው ቁጭ አሉና ሌላ ጨመሩ። ከዚያማ ማን ያስቁማቸው!

ይህ የእኔ ስሜት ብቻ አይደለም። አውስትራሊያ፣ ሲድኒ ውስጥ በ35 መጦሪያዎች የተካሄደ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2013 ታትሟል። የሠለጠኑ አጫዋቾች ከመጦሪያው ሠራተኞች ጋር ሆነው አረጋውያኑን በየሳምንቱ ያጫውቱ ነበር። ድብርታቸው ቀነሰ ለማለት የሚያስችል ውጤት አልተገኘም። መነጫነጫቸውና መቁነጥነጣቸው ግን ቀንሷል። የመርሳት ሕመም ያለበትን ሰው ያስታመመ፣ ይህ ምን ያህል ትልቅ ነገር እንደሆነ ያውቀዋል።

እኛ ደግሞ አጫዋች ከሩቅ መፈለግ የለብንም። አዝማሪ ቤት ገብተን ግጥም እንሰጣለን፣ «ተቀበል!» እንላለን፣ አዝማሪው ይቀበላል። ይህን ወግ መጦሪያ ድረስ መውሰድ ምን ይከብዳል? አንድ አዝማሪ ማሲንቆውን ይዞ በሳምንት አንድ ሰዓት ይቀመጥ። እናቶችና አባቶች ግጥም ይስጡ፣ ጎረቤታቸውን ሸንቆጥ ያድርጉ፣ እሱ ይቀበል። ያኔ አረጋዊው ዝም ብሎ ተመልካች አይሆንም። ቤቱን የሚያስቀው እሱ ራሱ ነው። ዘወትር ተቀባይ ለሆነ ሰው፣ ሰጪ መሆን ትልቅ ክብር ነው።

ጥንቃቄም ያስፈልጋል። በመርሳታቸው፣ በጆሯቸው መክበድ ወይም በጥርሳቸው መርገፍ መቀለድ ነውር ነው። ሐዘን ላይ ያለም አለ፣ ዛሬ ተዉኝ የሚልም አለ፤ ይተው። ጆሮው ለከበደው ደግሞ ጠጋ ብሎ፣ ፊት ለፊት ማውራት ነው። ሁሉም ሲስቅ ለምን እንደሳቁ ሳይሰሙ መቅረት ያማል።

የመጦሪያ ኃላፊዎችን የምለምነው አንድ ነገር ነው። ከበዓል ውጭ የሚመቻችሁን ቀንና ሰዓት በር ላይ ለጥፉልን። አዝማሪዎችን፣ የቴአትር ልጆችንና የሰፈር ጨዋታ አዋቂዎችን ይዞ መምጣቱ የእኛ የከተማው ሰዎች ድርሻ ይሁን።

አንባቢያችሁ
ከማራኪ፣ ጎንደር