ቡቺን ላተረፋችሁልኝ ሁሉ

ከሁሉ በፊት ፈጣሪ ይመስገን። ቡቺ ድኗል። ባለፈው ሳምንት የደም ምርመራው ውጤት መጣ፤ ትል የለም። ዶክተሯ በስልክ ስትነግረኝ ሥራ ላይ ነበርኩ። መጋዘን ገብቼ በሩን ዘግቼ አለቀስኩ። ለውሻ? አዎ፣ ለውሻ።

ወሬውን በቁንጽል ለሰማችሁ፣ አምና በዐቢይ ጾም ቡቺ ማሳል ጀመረ። ጉንፋን መስሎኝ ነበር። ደረጃ ሲወጣ መሃል ላይ ቁጭ ማለት ሲያበዛ ግን ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት። የልብ ትል ነው ተባለ። ዶክተሯ በብልቃጥ የተቀመጠ የሌላ ውሻ ልብ አሳየችኝ። የተቀቀለ ፓስታ የታጨቀበት ነው የሚመስለው። ሁለት ወር ፓስታ አልቀመስኩም።

የምታመጣው ትንኝ ናት። የታመመ ውሻ ስትነክስ በዓይን የማይታዩ እጮችን ከደሙ ጋር ትወስዳለች። እሷ ውስጥ ሁለት ሳምንት ገደማ ያድጉና ሌላ ውሻ ስትነክስ ይገቡበታል። ስድስት ወር ቆይተው ከልብ ወደ ሳንባ በሚሄደው የደም ሥር ውስጥ ትልልቅ ትል ይሆናሉ። ሴቷ እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ትደርሳለች። በመላላስና በመጫወት ግን አይተላለፍም። ስለዚህ ውሾቻችሁን ከቡቺ ያራቃችሁ ጎረቤቶች፣ ይቅር ብያችኋለሁ።

ጥፋቱ የኔ ነው። በወር አንዴ የሚሰጠውን መከላከያ ክኒን በብርዱ ወራት አቋረጥኩ። ትንኝ የለም ብዬ! የሂዩስተን ብርድ ብርድ ነው እንዴ? በረንዳዬ ላይ ከአበባው ሥር ያለው ሳህን ውሃ እንዳቆረ ነው የከረመው። ክኒኑ ደግሞ አይቨርሜክቲን ነው። እማዬ ጅማ በዘንግ ቁመቷን እየተለካች የምትውጠው መክቲዛን፣ ዓይን ለሚያጠፋው በሽታ የሚሰጠው ማለት ነው። ስነግራት «እኔና ውሻሽ አንድ መድኃኒት?» ብላ እስኪያስላት ሳቀች።

ሕክምናው አንድ ወር ዶክሲሳይክሊን የሚባል አንቲባዮቲክ ነበር። ትንሽ ከቆየን በኋላ ወገቡ ላይ ሦስት መርፌ፤ አንዱ ለብቻው፣ ሁለቱ ከወር በኋላ በተከታታይ ቀን። አርሴኒክ ያለበት መድኃኒት ነው፣ ያማል። የባሰው ግን ከመርፌው በኋላ ያለው ነው። የሞቱት ትሎች ተቆራርጠው ሳንባ ውስጥ ይሰካሉ። ውሻው ከሮጠ ሊሞት ይችላል። ስለዚህ ለወራት እንዳይሮጥ፣ እንዳይዘል፣ እንዲያውም እንዳይደሰት! ቡቺን የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ ደወል ሲሰማ በር ሊሰብር ነው የሚደርሰው።

እና እናንተ ደወሉን ተዋችሁት። ቡና ስትመጡ ከታች በስልክ «ደርሰናል» ትሉኝ ነበር። ጫማችሁን እጃችሁ ላይ ይዛችሁ በእግር ጣታችሁ ስትገቡ አይቻለሁ። አንዷማ ረከቦቱን እንኳ ድምፅ እንዳይሰማ በፎጣ ላይ አስቀመጠች። ከታች ያለው ልጅ ኳሱን ሜዳ ወስዶ ሲያነጥር ከረመ። ዕድሜ ይስጥህ የኔ ልጅ።

እህቴ የዕቁብ ጓደኛዬ፣ ዕጣው ላንቺ ወጥቶ ተራሽን ለቀቅሽልኝ። መርፌው የተገዛው በዚያ ብር ነው። ከሦስተኛው መርፌ ማታ ከሥራ በቀጥታ መጥተሽ ወለሉ ላይ አጠገቡ ያደርሽውም የኔ ነርስ፣ ትንፋሹን በደቂቃ እየቆጠርሽ ወረቀት ላይ ስትጽፊ ነጋ። ወረቀቱ ፍሪጁ ላይ ተለጥፎ አሁንም አለ።

ዶክተር፣ «አንቺ ነሽ ያደረግሽው» አላልሽኝም። እግዜር ይስጥልኝ።

ቅዳሜ ከሰዓት ቡና አለ። ስልክ አትደውሉ፤ ደወሉን ተጫኑት።