ስለ ወደቡ ስትጽፉ ሠራተኛዋንም አትርሷት

ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ሰሞኑን ስለ ወደብ ብዙ እየጻፋችሁ ነው፣ ጥሩ ነው። ስለ ሠራተኛው ግን ምንም አላነበብኩም።

የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2009 ሲመረቅ ወጣቱ ከደሴም ከሐይቅም ከከሚሴም ተስፋ አድርጎ መጣ። ከዚያ ጦርነቱ ደረሰ፣ በታኅሣሥ 2014 ደግሞ አሜሪካ አጎዋ ከተባለው ከቀረጥ ነፃ የንግድ ዕድሏ አስወጣችንና ያለ ቀረጥ ወደ አገሯ ይገባ የነበረው ልብስ ቀረጥ ተጫነበት። ውሳኔው የዋሽንግተን ነው፤ ዱላው ያረፈው ግን እዚህ ክፍል ተከራይታ በምትኖር ልጅ ላይ ነው።

መንገዱም ሌላ ጣጣ ነው። አሰብ በ1990 ሳይዘጋብን ዕቃው በሚሌና በባቲ አድርጎ በቀጥታ ወደ እኛ ይመጣ ነበር። ዛሬ ከጅቡቲ ነው። ከአዋሽ ተነስቶ በእኛ አድርጎ ወልድያ ይደርሳል የተባለውን ባቡርማ ስንት ዓመት ጠበቅነው! ቀጣሪዎች ደሞዝ ጨምሩ ሲባሉ የትራንስፖርት ወጪ ያነሳሉ። እውነት አላቸው፣ ግን ሙሉ መልስ አይሆንም።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዝቅተኛ ደሞዝ የሚወስን ቦርድ እንደሚቋቋም ይላል። አዋጁ ከወጣ ዓመታት አለፉ። የእህቴ ልጅ የስፌት ሥራዋን የተወችው ጠልታው አይደለም፣ ከኪራይና ከምግብ በኋላ ለእናቷ የምትልከው ስላልተረፋት ነው። እንዲህ እየሆነ ሠራተኛ አይበረክትም ብሎ ማማረር ምን ይባላል?

እባካችሁ አንድ ጋዜጠኛ ላኩልን፣ ፈረቃ ሲወጣ በር ላይ ቆሞ ልጆቹን ራሳቸውን ይጠይቅ።

አንባቢያችሁ፣ ከኮምቦልቻ