በስልክ አልወጣልኝ ያለው ነገር

ውድ አባባ፣

እንደምን ከረሙ? ይሄን በስልክም እጠይቅዎታለሁ። እርስዎም «እግዚአብሔር ይመስገን» ይላሉ፣ ከዚያ ወሬው ወደ ልጄ ይዞራል። ስለዚህ ዛሬ ልጻፍ ብዬ ተቀመጥኩ። በወረቀት ላይ አነጋገሬ አይሰማዎትም። የእጅ ጽሑፌ እንደሆነ እርስዎ ያስያዙኝ ነው፣ እሱ ንቅንቅ አላለም።

መጀመሪያ ስለ ልጅቷ፣ እሱ ይቀለኛል። ቁመቷ ትከሻዬ ደርሷል። ጥርሷ ላይ ሽቦ ተደርጎላታል፣ ፎቶ ስትነሳ አፏን የምትዘጋው ለዚያ ነው እንጂ ተኮሳትራብዎት አይደለም። ባለፈው «አባባ፣ ደህና ነሽ?» ስትልዎ ከልብዎ ነው የሳቁት። እኔም ሳቄ መጣ። ግን ከየት ታምጣው? እዚህ በአማርኛ የሚያናግራት ሰው እኔ ብቻ ነኝ። እኔ ደግሞ ከጠዋት እስከ ማታ «ተነሺ፣ ልበሺ፣ ብዪ፣ ተኚ» ነው የምላት። ዓለም ሁሉ «አንቺ» ይመስላታል። የጎረቤታችንን ውሻ፣ ወንድ ነው፣ «ነይ» እያለች ነው የምትጠራው። «እርስዎ» የሚለውን የሰማችው ደግሞ እኔ ከእርስዎ ጋር ሳወራ ብቻ ስለሆነ፣ ለረጅም ጊዜ ስምዎ መስሏት ነበር። «እርስዎ መቼ ነው የሚመጣው?» ብላ ጠይቃኛለች።

ሌላ ነገር ደግሞ አለ። በስልክ ስናወራ በየመሃሉ «አለሽ? አለሽ?» ይላሉ። መስመሩ የተቋረጠ ይመስልዎታል። መስመሩ ደህና ነው። ድሮ ሰው ሲያወራኝ ትንፋሼን ወደ ውስጥ ስቤ «አዎ» እል ነበር፣ ሁላችንም እንደምንለው። እዚህ እንደዚያ ስል ሰው ይደነግጣል። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ያመመኝ መስሏት ሮጣ ውኃ አምጥታልኛለች። ስዊድን ወይ ኖርዌይ ብሆን ኖሮ ችግር አልነበረም፣ እነሱም ትንፋሻቸውን እየሳቡ «አዎ» የሚሉበት ጊዜ አለ። እኔ ያለሁበት አገር ግን አይታወቅም። ማንም ተይ ሳይለኝ ቀስ በቀስ ተውኩት። አሁን ሰው ሲናገር ጸጥ ብዬ እሰማለሁ፣ ሲጨርስ እመልሳለሁ። እዚህ ይሄ ጨዋነት ነው። ለእርስዎ ጆሮ ደግሞ ስልኩን ጥላ የሄደች ልጅ ነኝ።

ጆሮ ስል፣ የመስሚያው ባትሪ ተቀየረ? ወንድሜ «ቀይሬዋለሁ» ብሎኛል። የእሱን «ቀይሬዋለሁ» እርስዎም እኔም እናውቀዋለን። መድኃኒቱስ ከምግብ በፊት ነው ወይስ በኋላ? ሌሊት ሲነሱ እባክዎ መብራት ያብሩ፣ በጨለማ ግድግዳ እየዳበሱ አይሂዱ።

ባለፈው ስመጣ ውኃ ሲያቀብሉኝ «አመሰግናለሁ» አልኩ። «እንግዳ ነሽ እንዴ?» አሉኝ። እሱ ምንም አይደል። በማግስቱ ግን ቤቱ ሰው ሞልቶ እያለ አንድ ቃል ጠፍቶኝ ስንተባተብ፣ «ይቺ እኮ አማርኛዋን አውሮፕላን ላይ ረስታው ነው የመጣችው» አሉ። ሰው ሁሉ ሳቀ፣ እኔም አብሬ ሳቅኩ። ከዚያ ወዲህ ግን ለእርስዎ ከመደወሌ በፊት የምለውን በልቤ ደርድሬ ካልጨረስኩ ቁልፉን አልጫንም። ጥቁር ሰሌዳ ፊት እንደቆመ ተማሪ ነው የምሆነው። ወሬያችን ያጠረው ለዚህ ነው። ሥራ በዝቶባት ነው ብለው ለሰው እንደሚነግሩልኝ አውቃለሁ፣ ሥራ አይደለም።

እርስዎ ማስረጃ የሚወዱ ሰው ነዎት፣ ስለዚህ ማስረጃ ላምጣ። የእንግሊዟ ንግሥት ኤልሳቤጥ በሕይወት ሳለች በየዓመቱ ለገና ታስተላልፈው የነበረውን መልእክት የመረመሩ የድምፅ ተመራማሪዎች ነበሩ። የ1950ዎቹን ንግግሯን ከ1980ዎቹ ጋር ሲያስተያዩ፣ አናባቢዎቿ ተራው ሕዝብ ወደሚናገርበት መንገድ ጠጋ ብለው አገኙዋቸው። በ2000 በፈረንጆቹ ነው ያሳተሙት። ንግሥቲቱ አልተሰደደችም። ቤተ መንግሥቷ ተቀምጣ ነው! እሷ ከተለወጠች እኔን ምን ይፈረድብኛል?

በፈረንጆቹ በ1997 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ አለ። አሜሪካና ብራዚል የምትመላለስ አንዲት ብራዚላዊትን ተከታትለዋል። አሜሪካ ለወራት ስትቆይ እንደ «ፐ» እና «ተ» ያሉትን ድምፆች ስትል የምታወጣው ትንፋሽ ይረዝማል፣ በገዛ ቋንቋዋ በፖርቱጋልኛ ስትናገርም ጭምር። አገሯ ገብታ ስትሰነብት ያጥራል። የአገሯ ሰዎችም ልዩነቱ በጆሯቸው ይታወቃቸዋል። እኔን ደስ ያለኝ መመለሱ ነው። እኔም እኮ እቤት ከሰነበትኩ በኋላ «ጠ»ዬም «ቀ»ዬም ጠንክረው ነበር። እርስዎ ግን በመጀመሪያው ቀን ፈርደው ጨርሰዋል።

የልጅቷ ነገር ግን እንደኔ አይደለም፣ የእሷ ያስፈራኛል። ከ3 እስከ 8 ዓመታቸው ባለው ጊዜ ከኮሪያ በጉዲፈቻ ወደ ፈረንሳይ የተወሰዱ ልጆች አድገው ተመርምረዋል። ኮሪያኛ ሲያሰሟቸው፣ ሰምተውት ከማያውቁት ከሌላ ቋንቋ ለይተው ማወቅ አቅቷቸዋል። አንጎላቸውን በመሣሪያ ሲያዩትም ያው ነው። በእናት አፍ የሰሙት ቋንቋ! ይሄን ካነበብኩ ወዲህ ነው በደወልኩ ቁጥር ስልኩን እሷ እጅ ላይ የማስቀምጠው። እርስዎ እኔ እንዳላወራ የማደርገው ይመስልዎታል። እሱም አለበት።

አሁን ወደ እማዬ ልምጣ። ሳልነሳው ላልፍ ነበር፣ ግን ይሄን ደብዳቤ የጀመርኩት ለእሱ ነው።

እማዬ ሆስፒታል ተኝታ ሳለች በስልክ አንድ ጥያቄ ጠየቅሁዎት። «ትድናለች ወይስ አትድንም?» ነበር ያልኩት። ስልኩን ዘጉብኝ። በኋላ ለዘመድ ሁሉ «ልቧ ደንድኗል፣ እንደነሱ ሆናለች» ማለትዎን ሰማሁ። የነገረችኝን ሰው አልጠራም፣ ያውቋታል።

አባባ፣ እኔ የምኖረው ሐኪም በሽታውን በስሙ በሚጠራበት ቦታ ነው። ለበሽተኛው ራሱ ይነግረዋል። በሽተኛውም «ስንት ጊዜ ቀረኝ?» ብሎ ይጠይቀዋል። መሥሪያ ቤት ቢሉ፣ ባንክ ቢሉ፣ የልጅቷ ትምህርት ቤት ቢሉ፣ ዙሪያ ጥምጥም መሄድ አያዋጣም። የፈለጉትን ፊት ለፊት ካልተናገሩ የሚረዳዎት የለም። አንደበቴ እንደዚያ ለመደ። ሲያመኝ ወይም ጣቴን በር ሲቆነጥጠኝ ዛሬም «ወይኔ» ነው የምለው፣ ልቤ የትም አልሄደም። ያን ቀን የጠየቅሁዎት ትኬት ለመቁረጥ ነበር። ዛሬ ማታ ልሳፈር ወይስ ወሩ ሲያልቅ? ማወቅ የፈለግሁት ይሄንን ነበር። ሁላችሁም ተራ በተራ «ደህና ናት፣ አትጨነቂ» አላችሁኝ። እኔም አመንኩ። ስደርስ የጠበቀኝን እርስዎ ያውቁታል።

አሁን ደግሞ የወንድሜ ድምፅ ተለውጧል። ስለ እርስዎ ስጠይቀው «ትንሽ ምርመራ ነው» ይለኛል። የምን ምርመራ ስለው፣ «እንዲሁ ቼክአፕ ነዋ»። ደግሜ ስጠይቀው ኔትወርኩ እምቢ አለ ይለኛል። የእማዬም «ትንሽ» ነበር።

አማርኛዬን ያቆሙልኝ እርስዎ ነዎት። ማታ ማታ ጮክ ብዬ እንዳነብ ያደርጉኝ ነበር። «ይመታል» የሚለውን አጥብቄ ማንበብ ሲገባኝ አላልቼ ካነበብኩ፣ መቺውና ተመቺው ተቀያየሩ ብለው ከአንቀጹ መጀመሪያ ያስጀምሩኝ ነበር። ያኔ ያስለቅሰኝ ነበር። አመሰግናለሁ፣ እንግዳ ሆኜ አይደለም።

እንግዲህ በለመደብኝ አነጋገር ልጠይቅዎ፣ ይቀየሙኝም እንደሆነ ይቀየሙኝ። ሐኪሙ በሽታውን ምን ብሎ ጠራው? ምን ሊያደርግልዎት አሰበ? ልምጣ? ከሆነ ሥራ ቦታዬ ፈቃድ ቀድሜ መጠየቅ ስላለብኝ ቁርጡን ይንገሩኝ። የውጤቱን ወረቀት ወንድሜ ፎቶ አንስቶ ይላክልኝ፣ ሁሉንም ገጽ፣ ቆራርጦ አይደለም። ስልክ የሚሻልዎት ከሆነም ይደውሉ። በመሃል ቃል ቢጠፋኝ ይጠብቁኝ፣ አገኘዋለሁ።

መልሱን ግን በልጄ በኩል እንዳይልኩብኝ። እሷን ብጠይቃት «አባባ ደህና ነኝ ብላለች» ነው የምትለኝ።

ልጅዎ